ዳሩ ነጭ፣ መሃሉ ቢጫ

«አባ ዝርዝር» የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሰፈሩ ባለሱቆች ናቸው። ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ቦርሳውን አስረከቡ፣ የደንብ ልብሱን አስረከቡ፤ ዓመላቸውን ግን የሚረከባቸው አላገኙም። ሌላው ሰው ኪሱ ውስጥ ሳንቲም ሲበዛበት በወረቀት ገንዘብ ለመለወጥ ሱቅ ለሱቅ ሲለምን፣ እሳቸው ወረቀቱን ይዘው ሳንቲም ፍለጋ ይዞራሉ። ባለዳቦ ቤቷ፣ ጋዜጣ ሻጩ፣ የመኪና ማቆሚያው ዘበኛ ሳይቀሩ ዝርዝራቸውን በፌስታል ቋጥረው ያቆዩላቸዋል። «ዛሬስ ወርቅ አልወጣም?» ይሏቸዋል። «ወርቅ ቢሆን ለእኔ ታቆዩልኝ ነበር?» ይሉና ፌስታሉን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ይሄዳሉ።

ወርቅ አይደለም የሚፈልጉት። የሚፈልጉት ከመሰሎቹ የተለየ ሳንቲም ነው። የፊቱ ምስል ቀጥ ብሎ ቆሞ የጀርባው የተንጋደደ፣ ፊደሉ ሁለቴ ተመትቶ ጥላ ያወጣ፣ ጠርዙ ላይ ጥርስ ማውጣት የተረሳ፣ ወይም በመልክ ተመሳስሎ ከዝርዝሩ ጋር ሰርጎ የገባ የሰው አገር ሳንቲም። ሺህ አገላብጠው አንድ ቢያገኙ ሳምንቱን ሙሉ ፊታቸው በርቶ ይከርማል። አሠራራቸው ደግሞ የራሳቸው ነው። መጀመሪያ ጠርዙን በአውራ ጣት ጥፍራቸው ይዳስሳሉ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ። ከዚያ መብራት ባለው አጉሊ መነጽር ፊደሉን አንድ በአንድ ያዩታል። በመጨረሻም ማንም እንደማያያቸው ዞር ብለው ካረጋገጡ በኋላ በምላሳቸው ጫፍ ነካ ያደርጉታል። መዳብ ይመራል፤ ብረት ደም ደም ይላል፤ ኒኬል ዝም ይላል። ይህን ያስተማራቸው የለም። አምፖሉ በተቃጠለ አውቶቡስ ውስጥ ተሳፋሪ የሰጣቸውን ለመለየት ሲታገሉ ራሳቸው የደረሱበት ነው።

ማንም አያየኝም ባሉ ቁጥር ግን የልጅ ልጃቸው ታያቸው ነበር።

አራት ዓመቷ ነው። ቁመቷ ከጠረጴዛው ብዙ የማይበልጥ፣ ቁርስ ላይ ፍርፋሪ እየለቀመች የምትበላ ስለሆነች «ድንቢጥ» ይሏታል። እናቷ፣ ማለትም የአባ ዝርዝር ልጅ፣ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች፤ አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ በወር ሁለቴ ብቅ ቢል ነው። ቀን ቀን ቤቱ የአያትና የልጅ ልጅ ነው። እሳቸው ሳንቲም ሲመረምሩ እሷ የተመረመሩትን እየደረደረች ፎቅ ትሠራለች።

የዚያን ቀን ጠዋት የአጉሊ መነጽሩ መብራት ደክሞ ነበር። ልጃቸው ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ሰዓት ሠሪው ዘንድ ደርሰው አዲስ ባትሪ ገዙ። በዚያውም አንድ ሳንቲም አሳዩት። ባለፈው ቀን ከዳቦ ቤቷ ፌስታል የወጣች፣ ዳሯ ነጭ መሃሏ ቢጫ፣ የማን አገር እንደሆነች ሁለቱም ሊያነቡ ያልቻሉት ጽሕፈት ያለባት ናት። ሰዓት ሠሪው ሁለት ብረት ተጣብቆ የተሠራ መሆኑን ብቻ ነገራቸው። የውጪው ቀለበት ነው፤ የውስጡ እዚያ ውስጥ ተገፍቶ የገባ ነው። አባ ዝርዝር እንደ አዲስ ሙሽራ እያዩዋት ወደ ቤት ተመለሱ። ባትሪውን ቀየሩ። ፌስታሉን ዘረገፉ። ወዲያው ምድጃው ላይ የጣዱት ወተት ሊገነፍል ሲል ሽታው ጠራቸውና ወደ ጓዳ ገቡ።

ሳሉን የሰሙት ከጓዳ ነው። ሳል ብቻ ቢሆን አይደነግጡም ነበር፤ ከሳሉ ቀጥሎ የመጣው ዝምታ ነው እግራቸውን ያስሮጠው። ድንቢጥ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ በሁለት እጇ አንገቷን ይዛለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከንፈሯ ላይ ለሃጭ ተንጠልጥሏል። ደፍተው ጀርባዋን መቱ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ምንም አልወጣም። ትንፋሿ ግን ተመለሰ፤ ትንፋሿ ሲመለስ አለቀሰች፤ ማልቀሷን ሲሰሙ እሳቸውም መተንፈስ ጀመሩ።

«ምን ዋጥሽ፣ የእኔ ድንቢጥ? ለአባባ ንገሪው።»

ወደ ጠረጴዛው ጠቆመች። «እንደ አንተ ቀመስኩት» አለች።

ይህች ቃል ጆሯቸው ውስጥ ስንት ቀን እንደምትኖር ያኔ አላወቁም። ወደ ጠረጴዛው ዞሩና በዓይናቸው ፈለጉ። የተለዩትን የሚያስቀምጡባት ትንሽ ሰሃን ላይ ያቺ ዳሯ ነጭ መሃሏ ቢጫ የለችም። ሰሃኑን አነሱ፣ ዝርዝሩን በተኑ፣ ወለሉን ተንበርክከው ዳሰሱ። የለችም። እንግዲህ የዋጠችው እሷን ነው ብለው ልጅቷን በትከሻቸው አንግተው ወጡ።

ሆስፒታሉ በታክሲ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ካርድ ክፍል ተሰለፉ። ነርሷ ልጅቷ እንደምትተነፍስ፣ ከንፈሯም እንዳልጠቆረ አይታ ወደ ራጅ ክፍል መራቻቸው። እዚያም ተሰለፉ። ድንቢጥ አልጮኸችም፤ ምራቋን መዋጥ ግን አልፈለገችም። በአፏ ጥግ ሲፈስ በመሐረባቸው ይጠርጉላታል። ልባቸው ከዚያ መሐረብ ጋር አብራ ትረጥባለች።

ራጅ አንሺው እስክሪብቶ ጆሮው ላይ የሰካ ወጣት ነው። ሁለት ፎቶ አነሳ፤ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከጎን። ከፊት የተነሳው መስኮቱ አጠገብ ባለው ማያ ላይ ሲመጣ አባ ዝርዝር ጠጋ ብለው አዩት። የጎድን አጥንቶቿ እንደ ወፍ አጥንት ቀጭን ናቸው። ከእነሱ በላይ፣ አንገቷ ከደረቷ በሚገናኝበት፣ ነጭ ድፍን ክብ ተቀምጧል። ጨረቃ በልጅ ጉሮሮ ውስጥ የወጣች ይመስላል።

ሐኪሟ መጣች። ወጣት ናት፤ ስትናገር ቀስ ትላለች፤ ስትሰማ ዓይኗን ከሰው ዓይን አትነቅልም። ምን እንደዋጠች ጠየቀቻቸው። ሳንቲም ነው አሉ። እርግጠኛ እንደሆኑ ጠየቀቻቸው። እርግጠኛ ነኝ አሉ። እሷ ግን ወደ ማያው ጠጋ ብላ በጣቷ ጠርዙን ተከተለች።

«እዚህ ጋ ከውጪው ክብ ውስጥ ሌላ ክብ ያለ ይመስላል። ይሄ ነገር ትንሽ አሳስቦኛል።»

አባ ዝርዝር ይህን ጊዜ ቀና አሉ። አያሳስብሽ አሏት። ይህች ሳንቲም ሁለት ብረት ናት፤ የውጪው ቀለበት ነው፣ የውስጡ ተገፍቶ የገባ ነው፤ ሁለት ክብ ማሳየቷ ትክክለኛ መልኳ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳንቲም በእጃቸው እንዳለፈ ነገሯት። ስፋቷን፣ ውፍረቷን፣ የጠርዟን ጥርስ ሳይቀር ገለጹላት። ራጅ አንሺው እስክሪብቶውን ከጆሮው አውርዶ «አባባ ፕሮፌሰር ናቸው» አለ። በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መሃል፣ እውነቱን ለመናገር፣ አዋቂ መባሉ ደስ አላቸው።

ሐኪሟም ፊቷ ዘና አለ። ሳንቲም ከሆነ ብዙ ጊዜ በራሱ ወደ ሆድ ይወርዳል፣ ከዚያም መንገዱን ያውቃል አለቻቸው። ምንም እንዳትበላ፣ ምንም እንዳትጠጣ፤ እስከ አሥር ሰዓት ካልወረደ አደንዝዘን እናወጣዋለን አለች። ከዚያ ሌላ በሽተኛ ጠራትና ሄደች።

ኮሪደሩ ውስጥ ባለው ረጅም አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። በስልክ የጠሯት ልጃቸው ስትደርስ የሥራ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም፤ እጅጌዋ እስከ ክርኗ እርጥብ ነው፤ ሳሙና ሳሙና ትሸታለች። ልጇን ከጭናቸው ላይ መንትፋ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። አባ ዝርዝር ሁሉንም ነገሯት፤ ቅምሻውን ግን ዘለሉት። ሐኪሟ ያለችውን ደጋገሙላት። ሳንቲም ሰው አይገድልም፣ እኔስ ልጅ ሆኜ ስንቱን ውጬ አሉ።

«ቤታችን ውስጥ ሌላ ምን ነበር የምትውጠው?» አለች ልጃቸው። «ያደገችው በሳንቲም መሃል ነው።» ልትቀልድ ፈልጋ ነበር፤ ድምፅዋ ግን መሃል ላይ ተሰበረ።

ጊዜው አልሄድ አለ። ድንቢጥ በጀርባዋ ሊያስተኟት ሲሞክሩ እየተንፈራገጠች ትነሳለች፤ እናቷ ትከሻ ላይ አገጯን አስደግፋ መቀመጥ ብቻ ነው የምትፈልገው። ከአፏ የሚወርደው ለሃጭ መጀመሪያ እንደ ውሃ ነበር። ስድስት ሰዓት ገደማ እናቷ መሐረቡን ገልብጣ አየችውና ለአባ ዝርዝር አሳየቻቸው። ጫፉ ላይ ሻይ የነካው የመሰለ ቡናማ ነገር አለ። ከጠዋቱ ወተት ይሆናል አሉ። ወተት ነጭ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ላባቸው በግንባራቸው ወርዶ መነጽራቸውን አጨለመው። ሊጠርጉት ከደረት ኪሳቸው የመነጽር ቤቱን አውጥተው ከፈቱ። መጥረጊያዋ ጨርቅ አራት ቦታ ታጥፋ ተቀምጣለች። ሲያነሷት ከበደቻቸው። ሲገልጧት ዳሯ ነጭ መሃሏ ቢጫዋ ሳንቲም እጃቸው ላይ ወደቀች።

ጠዋት ለሰዓት ሠሪው ካሳዩ በኋላ እንዳትጫር ብለው በጨርቁ የጠቀለሏት ራሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ ያሰቡት የሞኝ ሐሳብ ነው፤ ከጉሮሮዋ ወጥታ እዚህ የገባች መሰላቸው። ከዚያ ቅዝቃዜ ከእግራቸው ጣት ተነስቶ ሽቅብ ወጣ። ሌላ ሳንቲም ይሆናል አሉ ለራሳቸው። ሳንቲም ይሁን እንጂ የፈለገው ይሁን። ከዘረገፉት ውስጥ አንዱ፣ ተራው፣ ርካሹ ይሁን። ግን ተራው ሳንቲም አንድ ክብ ነው። ልጅቷ ጉሮሮ ውስጥ ያለው ሁለት ክብ አለው። ሁለት ክብ ያለው፣ ክብ፣ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ምን ነገር ነበር ጠረጴዛው ላይ?

ጠዋት በቢላዋ ጫፍ ከአጉሊ መነጽሩ መብራት የፈነቀሉትን አሮጌ ባትሪ አዩት። እጃቸው ከሳንቲሞቹ ጎን ሲያስቀምጠው አዩት። ሰዓት ሠሪውም አዲሱን ሲሸጥላቸው ያለው ቃል ተመለሰላቸው። አሮጌውን መልሰህ አምጣልኝ፣ ቤት ውስጥ ልጅ አለ፤ ሞተ ብለህ አትናቀው፣ እርጥብ ካገኘ ያቃጥላል ብሏቸው ነበር። እሳቸውም ስቀው ነገ አመጣዋለሁ፣ አይሸሽም ብለው ነበር የወጡት።

እርጥብ። የልጅ ጉሮሮ።

ሳንቲሟን ጨብጠው ተቀመጡ። አንድ ደቂቃ ይሁን ሁለት አያውቁም፤ ግን ተቀመጡ። በዚያች ደቂቃ ውስጥ የመጣባቸውን ሐሳብ በኋላ ለማንም አልተናገሩም። አሥር ሰዓት ሲሆን ለማንኛውም ያወጡት የለ? ያኔ ሲወጣ ይታያል፤ ማን ተሳሳተ የሚል ሰው አይኖርም። ሳንቲሟን መልሰው ኪሳቸው ቢከቱ የሚያያቸው የለም። ልጃቸው የድንቢጥን ጀርባ እየደባበሰች የሆነ ነገር ታንጎራጉራለች። ልጅቷ አንገቷን ወደ እሳቸው አዘነበለች፤ ልትውጥ ሞከረች፤ ፊቷ በሙሉ እንደ ተጨመቀ ወረቀት ተኮማተረ።

ብድግ አሉ።

«ልጄ፣ ሳንቲሟ እኔ ጋ ናት።»

ልጃቸው ቀና ብላ መዳፋቸውን አየች። አልገባትም።

«የዋጠችው ሳንቲም አይደለም። ባትሪ ነው። ከመብራቱ አውጥቼ እኔ ነኝ ጠረጴዛው ላይ የተውኩት።»

እንደምትጮህ ጠብቀው ነበር። አልጮኸችም። «ስንት ሰዓት ሆነው?» አለች። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር፤ አሁን ስድስት ከሩብ አልፏል። ቁጥሩን ተናግረው ሳይጨርሱ ልጇን ታቅፋ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሮጠች። እሳቸው ወደ ራጅ ክፍል ሮጡ። በስድሳ ስድስት ዓመታቸው መሮጥ ከተባለ።

ራጅ አንሺው ምሳውን እየበላ ነው። ተራ አለ፣ ሰዓት አለ፣ ውጪ ይጠብቁ አላቸው። ሳንቲሟን ጠረጴዛው ላይ ከዳቦው አጠገብ አስቀመጡለት። ያቺ ጉሮሮዋ ውስጥ ናት ያልኳችሁ ይህች ናት አሉት። ከጎን ያነሳኸውን አሳየኝ አሉት። ወጣቱ ማላመጡን አቆመ። ጠዋት ሁሉም የፊቱን አይተው አምነው የጎኑን ልብ ብሎ ያየው አልነበረም። አሁን ማያው ላይ አመጣው።

አባ ዝርዝር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ቀረቡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠርዝ ሲያዩ ኖረዋል። ይህ ጠርዝ በአንድ ወገን ሰፊ፣ በሌላው ወገን ጠበብ ብሎ ጉብ ያለ ነው፤ ትንሽ ደረጃ አለው።

«ሳንቲም ደረጃ የለውም» አሉ። «ሁለቱም ፊቱ እኩል ነው። ሁልጊዜ እኩል ነው።»

ወጣቱ ስልኩን ለማንሳት ሲጣደፍ ዳቦው ወለል ላይ ወደቀ። ሐኪሟ ከኮሪደሩ ማዶ ብቅ አለች። ያቺ ቀስ ብላ የምትናገረው፣ ቀስ ብላ የምትራመደው ሴት እየሮጠች ነበር። ስትሮጥ ባያዩ ኖሮ ምናልባት ፍርሃታቸው የሽማግሌ ፍርሃት ነው ብለው ራሳቸውን ያታልሉ ነበር።

ማያውን አየች። ወደ እሳቸው ዞረች።

«አሁንስ እርግጠኛ ነዎት?»

ጠዋት ያቺ ቃል ከአፋቸው እንዴት በቀላሉ ወጥታ ነበር። አሁን ድንጋይ ሆነች።

«የገዛ እጄ ነው ያስቀመጠው» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በበር ተከለለ። ድንቢጥን ከእናቷ እጅ ተቀብለው፣ ባለጎማ አልጋ ላይ አድርገው፣ ሁለት የሚወዛወዙ በሮች አሳልፈው ወሰዷት። ልጅቷ ስትሄድ ማንንም አልጠራችም። አባትና ልጅ በሩ ፊት ቆሙ። ወንበር ነበር፤ አልተቀመጡም። አባ ዝርዝር ቅምሻውን ያኔ ነገሯት። ሳንቲም በምላሴ እንደምፈትን አይታ ነው፣ «እንደ አንተ ቀመስኩት» ነው ያለችኝ አሏት። ልጃቸው ግድግዳውን እያየች ሰማቻቸው። ቢሰድቧቸው የሚቀላቸው ሰው ናቸው፤ አውቶቡስ ላይ ያልተሰደቡት ስድብ የለም። ዝም መባልን ግን አልለመዱትም።

ሐኪሟ ስትወጣ ጓንቷን አላወለቀችም። መዳፏ ላይ በፋሻ የተቀመጠ ክብ ነገር አለ፤ ጠርዙ ከሰል መስሎ ጠቁሯል። ወጥቷል አለች። ልጃቸው ግድግዳውን ተደግፋ ተንሸራተተችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሐኪሟም አብራት ቁጢጥ አለች፤ ቀሪውን ለእሷ ነው የነገረቻት። የምግብ ቧንቧዋ ውስጡ ዙሪያውን ተቃጥሏል። አልተበሳም፤ ግን ለመበሳት ሩቅ አልነበረም። ሳምንት በአፏ ምንም አይገባም፤ በአፍንጫዋ በቱቦ ነው የምትመገበው። እንዲህ ያለ ቁስል ዳነ ሲባል ከቀናት በኋላ፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ሊደማ ይችላል። ደም ካያችሁ፣ ጥቁር ሰገራ ካያችሁ፣ አንድ ደቂቃ እንዳትጠብቁ አለቻት። እስከ አሥር ሰዓት ቆይቶ ቢሆን ኖሮ ብላ ጀመረችና ተወችው።

ከዚያ ቀና ብላ አባ ዝርዝርን አየቻቸው። «ሁለተኛውን ክብ እኔም አይቼው ነበር፣ አባት» አለች። «አይቼው ነው የተውኩት።»

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ ቢጠየቁ ለመናገር ይቸገራሉ። ፍርሃታቸው በልጅቷ አንገት ላይ ተቀምጦ ከረመ። ጠዋት የጉብኝት በር ሲከፈት ይገባሉ፤ ማታ ሲዘጋ ይወጣሉ። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው የሚያዩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጉሮሮዋ በታች ያለችውን ጎድጓዳ ቦታ። ስታስል ይነሳሉ። ዝም ስትልም ይነሳሉ። ነርሶቹ አንሶላ ሲቀይሩ ቀይ ነገር ያየ ዓይናቸው ሦስት ጊዜ አስደንግጧቸዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ የብርድ ልብሱ ጥልፍ ነበር። ባለዳቦ ቤቷ ሰው ልካ ፌስታሉ እየጠበቀዎት ነው ብትላቸው፣ ለደንበኞችሽ መልሺላቸው ብለው ላኩባት። ልጃቸው ሽርጧን እንደለበሰች ከሥራ ትመጣለች፤ «ደህና ዋለች?» ትላቸዋለች፤ «ደህና ዋለች» ይሏታል። ከዚያ ያለፈ ቃል በመካከላቸው አልነበረም።

በስምንተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሐኪሟ ቱቦውን አወጣችና በማንኪያ ውሃ እንሞክር አለች። እንዲህ ቀላል አድርጋ ተናገረችው። ግን በሩን አልዘጋችም፤ ነርሷም ከጎኗ ቆማ ነበር፤ አባ ዝርዝር ሁለቱንም ልብ አሉ። ትተው ሊወጡ ፈለጉ። ማየት አልቻሉም፤ አለማየትም አልቻሉም።

ልጃቸው ብርጭቆና ማንኪያ ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ውሃው ማንኪያው ላይ አልረጋ አለ። አንዴ ደፋችው። ሁለተኛ ስትቀዳ ሳትዞር ተናገረች።

«አባዬ፣ ና ጭንቅላቷን ደግፍልኝ። ብቻዬን አልችልም።»

ሄዱ። መዳፋቸውን ከድንቢጥ ማጅራት በታች አስገቡ። ጸጉሯ ይሞቃል፤ አንገቷ ከእጃቸው አንጓ ይቀጥናል። ልጅቷ ማንኪያውን አየች፤ እናቷን አየች፤ አፏን ከፈተች። ውሃው ገባ። አፏን ገጥማ ያዘችው። መዋጥ ያመኛል ብላ እንደምታስብ ከዓይኗ ያስታውቃል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አብሯት አፉን ገጥሞ ያዘ።

ከዚያ አባ ዝርዝር በመዳፋቸው ተሰማቸው። ከቆዳዋ ሥር አንዲት ነገር ሽቅብ ወጥታ ቁልቁል ወረደች።

ጠበቁ። ፊቷ አልተኮማተረም። ሐኪሟ ወደ ሰዓቷ አየች። ነርሷ መሐረቡን ከልጅቷ ከንፈር ሥር ያዘች፤ ደረቅ ነው።

ድንቢጥ ድምፅዋ ለስምንት ቀን እንዳልተከፈተ በር ሲጢጥ አለ። «ድገሚኝ» አለች እናቷን።

ልጃቸው ሐኪሟን አየቻት። ሐኪሟ በአገጯ ብቻ እሺ አለች። ማንኪያው ወደ ብርጭቆው ተመለሰ። አባ ዝርዝር መዳፋቸውን ከማጅራቷ አላነሱም፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ አስፈራቸው።